ያልጠየቀ የቦርድ አባል ተጠያቂ ነው

(ደሴ ከተማ ላይ ለባለአክሲዮኖች፣ ለቦርድ አባላትና ለሥራ አስኪያጆች የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ)

አሰላሙ ዓለይኩም! ጤና ይስጥልኝ!

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ እንዴት አረፈዳችሁ? ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታችሁ፣ ከሐይቅና ከኩታበር ማልዳችሁ፣ ከወልድያ ደግሞ ገና ሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ሱቁን ለልጅ ትቶ የመጣ ነጋዴም አያለሁ። አላህ ያክብራችሁ፣ እግዜር ይስጥልን።

የተሰጠኝ ርእስ «የንግድ ሥነ ምግባርና የሞራል ኃላፊነት በድርጅት አስተዳደር» የሚል ነው። ሲያዩት ከባድ ይመስላል። ጉዳዩ ግን ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቀው ነው፤ አደራ ነው። የሰው ገንዘብ የያዘ ሰው እንዴት ይያዘው? የሚጠብቀውስ ማን ነው? ጠባቂው ራሱ ቢተኛ ማን ይቀስቅሰው?

አራት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ አክሲዮን ማኅበር ውስጥ ያለው ገንዘብ የማን እንደሆነና ሕጉ ምን እንደሚል። ሁለተኛ፣ የቦርድ ስብሰባ። ሦስተኛ፣ ዘመድና ግዢ። አራተኛ፣ በስብሰባው ላይ ወንበር የሌላቸው ሰዎች። ሁለተኛው ላይ ቆየት እላለሁ፤ ሌላው ሁሉ የሚበላሸው ከዚያ ስለሆነ ታገሡኝ።

በመጀመሪያ፣ ገንዘቡ የማን ነው?

ኮምቦልቻ ላይ ያለ አንድ አክሲዮን ማኅበር በዓይነ ኅሊናችሁ ያዙ። ከባለአክሲዮኖቹ አንዷ ጂዳ ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ልካ አክሲዮን ያስገዛች ልጅ ናት። አንዱ ሁለት በሬ ሸጦ የገባ የሐይቅ ገበሬ ነው። አንዱ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። እነዚህ ሰዎች ሥራ አስኪያጁን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ፋብሪካውንም ያዩት በሥዕል ነው። ያ ገንዘብ ባንክ ሲገባ ማኅተሙ የድርጅቱ ነው፤ ላቡ ግን የእነሱ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። ያቺ የጂዳዋ ልጅ አክሲዮኑን ያስገዛችው በወንድሟ ስም ከሆነ፣ ማኅበሩ የሚያውቀው ወንድሟን ነው። የትርፍ ድርሻ የሚከፈለው፣ ድምፅ የሚሰጠው፣ ሽያጭ የሚፈርመው በባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ ስሙ ያለ ሰው ነው። ስንት ቤተሰብ በዚህ ተጣልቷል! አክሲዮን የምትሸጡ ሁሉ፣ ገንዘቡን የላከውን ሰው ስም ጠይቁ፤ በውክልና በራሱ ስም እንዲመዘገብ አድርጉ። ይህ የሽያጭ ሠራተኛ ሥራ ነው ብላችሁ አትለፉት።

መዝገቡን ካነሳሁ አይቀር፣ የባለአክሲዮኖች መዝገብና ቃለ ጉባኤ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። በ2014 ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ እዚህ ደሴም ኮምቦልቻም ማሽንና ዕቃ ሲዘረፍ፣ አብሮ የጠፋውን ወረቀት ማን ቆጠረው? ማሽን በብድር ይተካል። ማን ስንት አክሲዮን እንዳለው የሚያሳይ መዝገብ ሲጠፋ ግን የሚቀረው ጭቅጭቅ ነው። አንድ ቅጂ ከከተማው ውጭ፣ አንድ ደግሞ በኮምፒውተር ይቀመጥ፤ በየሦስት ወሩ ይታደስ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። እዚህ ወሎ ውስጥ ቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ የሌለው ሰው አለ? የለም። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው። የቅሬ ዳኛ ገንዘብ ቢያጎድል ምን ይሆናል? ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር አባሉ ዓይኑን እያየ ይጠይቀዋል። ጠያቂውና ተጠያቂው በአንድ መንገድ ይወጣሉ፣ በአንድ መንገድ ይገባሉ። ስለዚህ ቅሬ ኦዲተር አያስፈልገውም፤ ዓይን ይበቃዋል። አክሲዮን ማኅበር ግን ዓይን የሚደርስበት አይደለም። ባለቤቱ ሩቅ ነው፣ ብዙ ነው፣ እርስ በርሱም አይተዋወቅም። ቅሬው በዓይን የሚሠራውን አክሲዮን ማኅበር በወረቀት፣ በፊርማና በጥያቄ መሥራት አለበት። ይህን ያልገነባ ማኅበር ሰዎቹ ምንም ያህል ደጋጎች ቢሆኑ አይድንም።

ሕጉም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 «ሕዝባዊ ድርጅት» የሚለው ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበን ገንዘብ የሚያስተዳድርን የግል ዘርፍ አካል ነው። ዕድርንና መሰል ባህላዊ ማኅበራትን ከዚህ አውጥቷቸዋል። አክሲዮን ማኅበርን ግን አላወጣም። ስለዚህ «የመንግሥት ብር አይደለም፤ የግል ድርጅት ነው፤ እርስ በርሳችን እንጨርሰዋለን» የሚል ካለ ተሳስቷል። የአክሲዮን ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ከአቅራቢ የሚቀበለው ጉቦ በዚህ አገር ሕግ የሙስና ወንጀል ነው። ይህን ስንቶቻችሁ ታውቁ ነበር?

የንግድ ሕጉም አለ። ከ1952 ጀምሮ የቆየው ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል። ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ መሠረቱ ግን ያው ነው። የቦርድ አባል ሥራውን በጥንቃቄ ካልሠራ በማኅበሩ ላይ ለደረሰው ጉዳት ከራሱ ኪስ ሊጠየቅ ይችላል። ብቻውንም አይደለም፤ ከሌሎቹ አባላት ጋር በአንድነትና በነጠላ። ይህ «በአንድነትና በነጠላ» የሚባለው ነገር ቀልድ አይደለም። ሰባት አባላት ጥፋት ሲፈጽሙ ስድስቱ ገንዘብ ባይኖራቸው፣ ያላችሁ እናንተ ብቻ ብትሆኑ፣ ሙሉውን ከእናንተ መጠየቅ ይቻላል።

እንግዲህ ሁለተኛው ነጥብ፣ የቦርድ ስብሰባ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰው አለቀ። ሁላችንም የዚያን ቀን የት እንደነበርን እናስታውሳለን። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ከዚያ በፊት በጥቅምት 2011 ያው ዓይነት አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰው ሞቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አምስት ወር እንኳ አይሞላም።

ቴክኒካዊው ምክንያት ይታወቃል። ኤምካስ የተባለ፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚገፋ ሥርዓት ነበር። መረጃውን የሚወስደው ከአንድ መለኪያ ብቻ ነው። ያ መለኪያ ሲሳሳት ሥርዓቱ አብራሪዎቹን እየታገለ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ምድር ደፋው። ኢንዶኔዥያ ከደረሰው አደጋ በፊት አብራሪዎች በመመሪያቸው ላይ ስለዚህ ሥርዓት አልተነገራቸውም ነበር።

የእኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ የቦይንግ ቦርድ የት ነበር?

ባለአክሲዮኖች የቦርዱን አባላት በአሜሪካ ደላዌር ግዛት ፍርድ ቤት ከሰሱ። የከሰሱትም «ሰረቃችሁ» ብለው አይደለም። «አልጠየቃችሁም» ብለው ነው። ቦርዱ የአውሮፕላን ደኅንነትን የሚከታተል ኮሚቴ አልነበረውም፤ ደኅንነትም በመደበኛነት አጀንዳ ሆኖ አይቀርብለትም ነበር አሉ። ማስረጃውን ከየት አመጡ? በሕግ መብታቸው ተጠቅመው ከራሱ ከኩባንያው ሰነድ፣ ከቃለ ጉባኤው። የቦርዱን ስብሰባዎች ወረቀት ገልጠው የደኅንነትን ነገር ፈለጉ። የጥፋት ማስረጃ የሆነው እዚያ መኖር ሲገባው የጠፋው ነገር ነው። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደ፤ በዚያው ዓመት ጉዳዩ በ237.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ቦርዱ የደኅንነት ኮሚቴ ያቋቋመው ከሁለቱም አደጋዎች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

ልብ በሉ፣ እነዚያ ሰዎች የተማሩ፣ የተከበሩ፣ ትልልቅ ድርጅት የመሩ ሰዎች ነበሩ። በስብሰባ ላይ ያየ ሰው ጨዋ ናቸው ይላል። ግን የድርጅቱ ሥራ አውሮፕላን መሥራት ሆኖ ሳለ ስለ አውሮፕላን መውደቅ በየጊዜው የሚጠይቅ ወንበር አልነበረም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የእኛን ቃለ ጉባኤ እስቲ እናንብበው። «ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» ይህችን ዐረፍተ ነገር የማያውቅ አለ? ማን ምን ጠየቀ? ማን መለሰ? በምን ማስረጃ? አይታወቅም። ሰፊው ውይይት የት ሄደ? ይህች ዐረፍተ ነገር ያለባት ወረቀት ነገ ችግር ቢመጣ ለማንም ምስክር አትሆንም። የጠየቀውንም ያልጠየቀውንም እኩል ታስከስሳለች።

ጥሩ ቃለ ጉባኤ ምን አለው? በእያንዳንዱ አጀንዳ ሥር የቀረበውን ሰነድ ስምና ቀን ይይዛል። የተነሣውን ጥያቄ ከነጠያቂው ስም ይይዛል። የተሰጠውን መልስ ይይዛል፤ መልስ ካልተሰጠም «በሚቀጥለው ስብሰባ ይቀርባል» ተብሎ ኃላፊውና ቀኑ ይጻፋል። ከዚያ ውሳኔው ይሰፍራል። በመጨረሻ የተቃወመ ካለ ስሙና ምክንያቱ ይጻፋል። ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። ከ1952ቱ ሕግ ጀምሮ የቆየ መርህ አለ፤ ጥፋት የሌለበት፣ በውሳኔው ያልተስማማና አለመስማማቱን ወዲያው በቃለ ጉባኤ አስመዝግቦ ለኦዲተሮቹ በጽሑፍ ያሳወቀ አባል ከሌሎቹ ጋር አይጠየቅም። ስብሰባ ላይ ዝም ብሎ፣ ወጥቶ በር ላይ «እኔስ አላመነኝም ነበር» ማለት አያድንም። በር ላይ የተባለ ነገር ቃለ ጉባኤ ውስጥ የለም።

ቃለ ጉባኤው በአምስት ቀን ውስጥ ይጻፍና ለሁሉም ይላክ። ከወር በኋላ የሚጻፍ ቃለ ጉባኤ የሊቀመንበሩ ትዝታ ነው። ጸሐፊው የሥራ አስኪያጁ የቅርብ ሠራተኛ ባይሆን ይመረጣል፤ ከሆነም ረቂቁን ሥራ አስኪያጁ አስቀድሞ አያርመው።

የስብሰባ ሰነድ ከሰባት ቀን በፊት ይድረስ። ሰነድ ዋዜማ ማታ በቴሌግራም የሚላክበት ቦርድ ምን ያነባል? ሰማንያ ገጽ የሒሳብ ሪፖርት ማታ ደርሶት ጠዋት የሚያጸድቅ አባል ያጸደቀው የሥራ አስኪያጁን ፊት እንጂ ሒሳቡን አይደለም። ሰነድ ያልደረሰው አጀንዳ አይወሰን፤ ይተላለፍ። አንድ ጊዜ አጀንዳ ሲተላለፍ ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛ አያዘገይም።

እዚህ ላይ ስለ ይሉኝታ ልናገር። ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥም፤ ይህ ያደግንበት ነው፣ መልካምም ነው። ግን ሊቀመንበሩ፣ ሐጂም ይሁኑ ቀኝ ጌታ፣ መጀመሪያ ተናግረው «እኔ ጥሩ ነው ባይ ነኝ፤ እናንተስ?» ካሉ፣ ማን ነው «ጥሩ አይደለም» የሚላቸው? ስለዚህ ሊቀመንበር መጨረሻ ይናገር። አስተያየት በዕድሜ ትንሽ ከሆነው ወይም በቅርብ ቦርዱን ከተቀላቀለው ይጀምር። ሊቀመንበሩም «ጥያቄ አለ?» አይበል፤ «የለም» ማለት ቀላል ነውና። «አቶ እገሌ፣ በዚህ ሰነድ ውስጥ በጣም የሚያሠጋህ የትኛው ቁጥር ነው?» ይበል። ይህን ሲባል ያላነበበው ይታወቃል፤ በሚቀጥለው ወር ያነባል።

ኦዲተሩም አለ። ብዙ ባለአክሲዮን «ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት» የሚለውን ሰምቶ ያጨበጭባል። ያ አስተያየት የሚለው የሒሳብ መግለጫው በዋና ዋና ጉዳዮች ትክክለኛ ገጽታ ያሳያል ነው። ድርጅቱ ንጹሕ ነው አይልም፤ ሥራ አስኪያጁ ሐቀኛ ነው አይልም። ኦዲተሩ ያየውን የአሠራር ቀዳዳ የሚጽፈው ማኔጅመንት ሌተር በሚባለው በሌላ ደብዳቤ ነው። የቦርድ አባላት፣ እጃችሁን አታውጡ፤ በልባችሁ መልሱ፦ ባለፈው ዓመት ያንን ደብዳቤ አንብባችኋል? የዘንድሮውንና የአምናውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። አምና የተጻፈው ቀዳዳ ዘንድሮም ከተደገመ፣ ድርጅቱ ችግሩን ያላወቀ መስሏችሁ እንዳትታለሉ። አውቆ ትቶታል ማለት ነው። ቦርዱም በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁና የፋይናንስ ኃላፊው በሌሉበት ኦዲተሩን ያነጋግር። አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ስትጠይቅ የዘገየብህ ወይም ያልተሰጠህ ሰነድ የትኛው ነው?»

ሁለት መዝገብ ስለሚይዙም አንድ ቃል። ለግብር የሚቀርብ ኪሳራ፣ ለባንክ ብድር የሚቀርብ ትርፍ፣ ለባለቤቱ ደግሞ ሦስተኛ መዝገብ አለ። ይህን የሚያደርግ ድርጅት ሠራተኛውን መዋሸት እያስተማረ ነው። ሒሳብ ሠራተኛው ለግብር ሰብሳቢው በአለቃው ትእዛዝ የዋሸውን ችሎታ ነገ በአለቃው ላይ ይጠቀምበታል። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ዓለም አቀፉን ደረጃ እንዲከተል ተወስኗል። ከጥር 2017 ጀምሮ ደግሞ አገራችን የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ፣ አክሲዮን በይፋ የሚሸጥበትና የሚገዛበት ገበያ፣ አላት። እዚያ ለመግባት የምታስቡ ድርጅቶች፣ ለገበያው መዝገብ ስታዘጋጁ አራተኛ ልትጨምሩ ነው ወይስ ሦስቱን አንድ ልታደርጉ?

ወደ ሦስተኛው ልለፍ፤ ዘመድና ግዢ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አለን። ስንት ሰው ያበላሸ ተረት ነው! በሹመት የሚበላው የሰው ላብ ነው፤ ያቺ የጂዳዋ ልጅ ላብ ነው።

ከዘመድ ጋር መነገድ በራሱ ኃጢአት አይደለም። እዚህ አገር ማን ከማን ጋር የማይዛመድ አለ? የሥራ አስኪያጁ የሚስቱ ወንድም የማሸጊያ ካርቶን ቢያቀርብ፣ ዋጋውም ጥራቱም ቢሻል፣ መግዛት ይቻላል። ጥፋቱ መደበቁ ነው። ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 64 ገጽ የሥነ ምግባር መጽሐፍ ነበረው። ግን ቦርዱ የፋይናንስ ኃላፊው ከኩባንያው ጋር የሚነግዱ ሌሎች ድርጅቶችን እንዲመራ የራሱን ደንብ አግዶ ፈቀደለት። ኪሳራ የተደበቀው በእነዚያ ድርጅቶች ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2001 ኩባንያው ከሰረ፤ የጡረታ ቁጠባውን በኩባንያው አክሲዮን ያኖረው ሠራተኛ ባዶ እጁን ቀረ። 64 ገጽ ምን አደረገ?

አሠራሩ ይህ ነው። እያንዳንዱ የቦርድ አባል፣ ሥራ አስኪያጅና የግዢ ሠራተኛ እሱና የቅርብ ዘመዶቹ ያሉበትን ንግድ በየዓመቱ በጽሑፍ ያሳውቅ። ያ ጉዳይ አጀንዳ ሲሆን ሰውየው ይናገር፤ ከዚያም ከክፍሉ ይውጣ። ዝም ብሎ መቀመጥ አይበቃም፤ የተቀመጠ ሰው ፊት ድምፅ ይሰጣል። የወጣበትና የተመለሰበት ሰዓት በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ውሉ አስቀድሞ በቦርዱ ይጽደቅ፣ ኦዲተሩ ይወቀው፣ ለጠቅላላ ጉባኤው ሪፖርት ይቅረብ።

አሁን ፕሮፎርማውን፣ የአቅራቢዎቹን የዋጋ ማቅረቢያ፣ እናምጣው። ጄኔሬተር ሊገዛ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ መጥቷል፤ ሁሉም ማኅተም አለው፤ አንዱ ዝቅተኛ ነው፤ እሱ ተመረጠ። ሕጉ ተሟላ? ወረቀቶቹን አቅርባችሁ እዩዋቸው። ሦስቱም ላይ «ጄኔሬተር» የሚለው ቃል በአንድ ዓይነት ስህተት ተጽፏል። ዝቅተኛው 1,840,000 ብር ነው፣ ሁለተኛው ልክ በአምስት በመቶ ይበልጣል፣ ሦስተኛው ልክ በአሥር በመቶ። እውነተኛ ነጋዴ እንዲህ ቀጥ ባለ መሰላል ዋጋ አይሰጥም። የሁለቱ ስልክ ቁጥር በመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ ይለያያል። ቀኑ አንድ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ አንድ ነው። አቅራቢው አንድ ሰው ነው፣ ማኅተሙ ብቻ ሦስት።

መድኃኒቱስ? ፕሮፎርማ የሚሰበስበው ሰውና አቅራቢ የሚመርጠው ሰው ይለያዩ። ዕቃውን የሚረከበው ሦስተኛ ሰው ይሁን፤ የጄኔሬተሩን ተከታታይ ቁጥርና አቅሙን በኪሎ ቮልት አምፔር ከውሉ ጋር አመሳክሮ ይፈርም። ቼክ ሁለት ሰው ይፈርም፤ ግን ሁለተኛው ፈራሚ ባዶ ቼክ አስቀድሞ ፈርሞ «ስሄድ እንዳትቸገሩ» ብሎ ትቶ አይሂድ። ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ ፊርማውን እንጂ ሁለተኛውን ዓይን አያስቀርም። በየሦስት ወሩ የቦርዱ አባል አሥር ክፍያ በዕጣ ያውጣ፤ ከፕሮፎርማው እስከ መጋዘን መረከቢያው ተከትሎ ይይ። አሥር ብቻ! የትኛው እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ሁሉም ይጠነቀቃል።

የጥቆማ ሣጥንም አላችሁ። ቁልፉ የት ነው? በብዙ ቦታ ቁልፉ በሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ሣጥኑም የተሰቀለው በቢሯቸው ኮሪደር ካሜራ ሥር ነው። ማን ወረቀት ይጥላል? ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱ በኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አንዱ በሠራተኛ ማኅበሩ እጅ። ሣጥኑ ከመጸዳጃው መግቢያ ወይም ከካፌው ጀርባ ይሰቀል። የጠቆመ ሠራተኛ በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ቢቀየር ወይም ቢባረር ጉዳዩ በቀጥታ ለቦርዱ ይቅረብ።

አራተኛው፣ በስብሰባው ላይ ወንበር የሌላቸው።

ከሠራተኛው ልጀምር። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ደመወዟ 10,000 ብር የሆነች ሠራተኛ በየወሩ 700 ብር ይቆረጥባታል፤ ድርጅቱ 1,100 ይጨምርና 1,800 ይገባላታል። እንዲህ ያሉ ሁለት መቶ ሠራተኞች ቢኖሩ በወር 360,000 ብር ነው። ጥሬ ገንዘብ ሲያጥር ሥራ አስኪያጁ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ደውሎ የሚጠይቅ ባንክ የለበትም። «በሚቀጥለው ወር እንከፍላለን» ይባላል። ከዚያ ዓመት ያልፋል። የደመወዝ ወረቀቷ ላይ 700 ብር ተቆርጧል፤ ስሟ ግን ጡረታ መዝገብ ላይ የለም። ይህ ከኪሷ ገብቶ መውሰድ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ቦርዶች፣ የወሩን የጡረታ ገቢ ደረሰኝ ከሒሳብ ሪፖርቱ ጋር ጠይቁ። ደረሰኝ ከሌለ የትርፍ ድርሻ አታውሩ።

ባንግላዴሽ ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የሚባል ስምንት ፎቅ ሕንፃ ነበር። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ግድግዳው ተሰነጠቀ። በሕንፃው ውስጥ የነበሩ ባንክና ሱቆች ዘጉ። የስፌት ፋብሪካዎቹ ግን በማግስቱ ሠራተኛውን መልሰው አስገቡ፤ ትእዛዝ ነበረባቸው፣ የመላኪያ ቀን ደርሶ ነበር። ሕንፃው ተደረመሰ፤ 1,134 ሰው ሞተ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከ2009 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ ልጆቻችን እዚያ ሼድ ውስጥ ስፌት ላይ ናቸው። የሌሊት ፈረቃ ላይ «ዕቃ እንዳይሰረቅ» ተብሎ የአደጋ ጊዜ በር ከውጭ ይቆለፋል ወይ? ይህን የቦርድ አባል ሪፖርት አንብቦ አያውቀውም። ማታ አራት ሰዓት ሄዶ በሩን መግፋት አለበት።

ከሠራተኛው ቀጥሎ ጎረቤቱ። ጎረቤቱ ቦርከና ነው። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በትናንሽ ወንዞች አድርጎ ወደ ቦርከና ይገባል፤ ቦርከና ወደ ጨፋ ወርዶ አዋሽ ይገባል። ተመራማሪዎች ከፋብሪካ ፍሳሹና ከወንዞቹ ናሙና ወስደው ክሮሚየምና ዚንክ መዝግበዋል። ከታች ያለው ገበሬ በዚያ ውኃ ሽንኩርት ያጠጣል፣ ከብቱ ይጠጣዋል። አንድ ፋብሪካ ላይ ጣት ለመቀሰር አልመጣሁም፤ እያንዳንዱ ቦርድ የራሱን ቱቦ ጫፍ እንዲያይ ነው የምለው።

ማጣሪያ አለን የሚሉ አሉ። ማጣሪያ መኖሩና መሥራቱ ሁለት ነገር ነው። በባክቴሪያ በሚያጣራ ማጣሪያ ውስጥ ከፍተኛውን ኤሌክትሪክ የሚበላው አየር የሚነፋው ማሽን ነው። ወጪ ለመቀነስ ማታ ማታ ይጠፋል። አየር ያጣው ባክቴሪያ ይዳከማል፤ ጠዋት ማሽኑ ቢበራም ማጣሪያው ወደ አቅሙ ለመመለስ ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ ለጎብኚ ቀን ቀን ይሽከረከራል እንጂ በሚገባ አያጣራም። ቆዳ ፋብሪካ ላይ ደግሞ በተለመደው አሠራር ቆዳ ለማልፋት ከሚጨመረው ክሮሚየም ቆዳው ሳይጠጣው የሚቀር ብዙ አለ፤ ለብቻው ተለይቶ ካልተያዘ ከሌላው ፍሳሽ ጋር ይሄዳል።

ኬሚስት ያልሆነ የቦርድ አባል ይህን በምን ይወቅ? ሦስት ወረቀት ይጠይቅ። የማጣሪያው ለብቻው የሆነ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ንባብ፣ ወር በወር። የማጣሪያ ኬሚካል የግዢና የመጋዘን ወጪ ወረቀት። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ የተወሰደው ደለል መጠንና የተጣለበት ቦታ። የሚሠራ ማጣሪያ የግድ ደለል ያጠራቅማል። ዓመት ሙሉ አንድ መኪና ደለል ያልወጣበት ማጣሪያ ቆሻሻውን የት እያደረሰው ነው? ወንዝ እያደረሰው ነው። የላብራቶሪ ውጤት ላይም ናሙናው የተወሰደበትን ሰዓት እዩ፤ ሁልጊዜ ረፋድ ላይ ከሆነ ሌሊት ይወሰድ በሉ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው! «ተቆጣጣሪ አልመጣም» የሚል ቦርድ የሚጠብቀው ጌታ ተቆጣጣሪው ነው ማለት ነው፤ ገበሬው አይደለም።

ሰዓቴ እያለቀ ነው። የዓመቱ ሒሳብ ሰኔ 30 ተዘግቷል፤ የብዙዎቻችሁ ጠቅላላ ጉባኤ ደርሷል። ስለ ውክልና አንድ ነገር ብዬ ጥያቄ እቀበላለሁ። ከጉባኤ በፊት ወጣቶች ወረቀት ይዘው በየገጠሩ ይዞራሉ፤ «እዚህ ጋ ፈርሙ፣ እናንተን ወክለን እንገባለን» ይላሉ። የተወካዩ ስም ቦታ ባዶ ነው። ያ ወረቀት ሥራ አስኪያጁ እጅ ሲገባ፣ የሚቆጣጠረውን ቦርድ ራሱ ይመርጣል። ባዶ ውክልና አትፈርሙ። የተወካዩን ስም በእጃችሁ ጻፉ፣ በየትኛው አጀንዳ ምን እንዲል ጻፉ፣ ቀን ጻፉ፣ ለአንድ ጉባኤ ብቻ መሆኑን ጻፉ። ማንበብ የማይችሉ አባትና እናት ካሏችሁ፣ ከመፈረማቸው በፊት ልጅ ያንብብላቸው። ቦርዶችም የተሰበሰበው ውክልና በማን ስም ስንት እንደሆነ ዝርዝሩን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለጉባኤው አስነብቡ።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።